ስለ ጨው የሰጠሁት መልስ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስከ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን የጤና ክበብ የሕመም ገጠመኛችንን እንድንጽፍ ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ ሌሎች ተማሪዎች ስለ ቀዶ ሕክምና፣ ስለ መኪና አደጋ፣ ለወራት አልጋ ላይ ስለ መዋል እንደሚጽፉ ገመትሁ። የእኔ እንዲህ ያለ አይደለም። ቢላዋ አልነካኝም፤ አልጋም አልያዝሁም። አንገቴ አበጠ፣ ቆይቶም ጎደለ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በሦስተኛው የገፋሁበት ግን ስለ ሕመሙ ብዬ አይደለም፤ ከሕመሙ በፊት የሠራሁትን ሳልናገር ብቀር የባሰ እንደማፍር ስለ ገባኝ ነው።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። በቆሎና በርበሬ ያመርታሉ። በእኛ አካባቢ የሴት ልጅ ባለሙያነት ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ለእንግዳ የምታቀርበው ጨው ነው። ድሮ ጨው በጆንያ ሲመጣ አፈርና ጭድ አያጣውም ነበር፤ ስለዚህ ይታጠባል። ገበቴ ውስጥ ይገለበጥና ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስበታል። ሟሙቶ ሳያልቅ ፈጠን ተብሎ ይታሻል፤ የደፈረሰው ውኃ ይደፋል። ከዚያ ሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ሲያገኘው ይውላል፤ ሲደርቅ ይፈጫል። እናቴን በዚህ ሥራ የሚስተካከላት የለም። ነጭነቱ ዓይን ይወጋል። በሰርግም በተዝካርም «ጨው ከእነ ማስተዋል ቤት ይምጣ» ሲባል እየሰማሁ አደግሁ። ማስተዋል እኔ ነኝ። በኋላ የታሸገ የፓኬት ጨው ሲመጣም ማጠቡን የተወ ሰው አልነበረም፤ ፓኬቱ ይቀደድና ወደ ገበቴው ይገለበጣል።

ቡሬ ቤት ተከራይቼ ዐሥረኛ ክፍል ስማር የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አንባቢ ነበርሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት እመለሳለሁ። አንድ ቅዳሜ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መንገድ ላይ አገኘችኝና አንድ ወረቀት ሰጠችኝ።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ጨው ለሕዝቡ ልናገር ነበር፤ ወረዳ ለስልጠና ጠሩኝ። አንቺ ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ አንብቢልኝ» አለችኝ። «ሁለቱንም ገጽ» ብላም ጨመረችበት።

ወረቀቱን ማታውኑ አየሁት። የፊተኛው ገጽ ላይ ስለ አዮዲን ጨው ጥቅም ተጽፏል። ጀርባው ላይ ግን በእስክሪብቶ የተሣሉ ሥዕሎች ናቸው፤ ገበቴ፣ ፀሐይ፣ ድስት። ከሥራቸው አጫጭር መስመሮች አሉ። ለሕፃናት የተዘጋጀ መሰለኝና ንቄ ተውሁት። የፊተኛውንም ቢሆን እንዳለ አላነበብሁትም፤ በጣም ቀላል ሆነብኝ። ከባዮሎጂ መጽሐፌ «ታይሮይድ ዕጢ»፣ «ሆርሞን»፣ «የማይክሮኑትረንት እጥረት» የሚሉ ቃላት እየለቀምሁ አስገባሁበት። ሰው ሁሉ ተምራለች እንዲለኝ ፈልጌ ነበር።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ሰው በሚሰበሰብበት ዋርካ ሥር ቆሜ አነበብሁ። ጭብጨባው ጥሩ ነበር። አባቴ ጋቢውን ወዲያና ወዲህ ሲያስተካክል አየሁት፤ ደስ ሲለው እንዲህ ያደርጋል። ልቀመጥ ስል እማሆይ አጸደ እጃቸውን አነሡ። እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ ነገር የማያልፋቸው ጎረቤታችን ናቸው።

«ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ መልካም ነው፤ አልገባኝም እንጂ» አሉ፤ ሰው ሳቀ። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ይህን የፓኬቱን ጨው እንደ ድሮው አጥበን እናስጣው? ወይስ እንዲሁ ይበላል?»

መልሱን አላውቀውም ነበር። «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ናት። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ጭብጨባው ገና ከጆሮዬ ሳይወጣ፣ አባቴም እዚያ ተቀምጦ፣ ቃሏ ከአፌ አልወጣ አለች።

«ይታጠባል እንጂ እማሆይ፤ ንጽሕና ከሁሉ ይቀድማል» አልሁ።

«እንግዲህ ከተማረ አፍ ሰማችሁ» አሉና ተቀመጡ።

ጨው ማጠብን እኔ አላመጣሁትም፤ ድሮም ነበረ። ነገር ግን ሴቶቹ ያን ቀን ሊተዉት ተዘጋጅተው ይጠይቁኝ ነበር። በሩን ከፍተው ሲጠብቁኝ የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ።

ሕመሜ የጀመረው ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መጀመሪያ ያስታወቀኝ ማተቤ ነው። በክርስትናዬ የታሰረልኝ ባይሆንም ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴ ላይ ያለ ጥቁር ክር ነው፤ ሁልጊዜ ላላ ብሎ አጥንቴ ላይ ያርፍ ነበር። አንድ ቀን ፊቴን ስታጠብ ጠበቅ አለኝ። ክሩ በውኃ ተኮማትሮ ይሆናል ብዬ ፈታሁትና ጫፉ ላይ ትንሽ ክር ቀጥዬ አሰርሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ቀጠልሁ።

ከዚያ ድካም መጣ። የሰነፍ ድካም ስለሚመስል ለሰው መናገር ያሳፍራል። ተኝቼ አድሬ ክፍል ውስጥ አንቀላፋለሁ። የቡሬ ፀሐይ ሰውን ሁሉ ሲያቃጥል እኔ ይበርደኛል። የምናገረውን ቃል ፈልጌ እስከማገኘው ሰው ይጠብቀኛል። ሚኒ ሚዲያውን ተውሁት፤ ድምፄ ጎርንኖ ነበር። አንገቴን በሻርፕ መጠቅለል የጀመርሁትም ያኔ ነው።

አንድ ቀን ሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኝ ሻርፑ ወደቀ። መምህሩ ሲጠሩኝ ደንብሬ ተነሣሁ፤ ጥያቄውንም አልሰማሁ። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ፣ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉሃል ይኸ ነው! አንገቷ ሳያንስ እንቅልፉ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ቀን ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፤ አብሬ መሳቄ።

በእኛ አገር አንገት ማበጥ አዲስ ነገር አይደለም። እናቴም ልጅ ሳለች ጀማምሯት፣ አንገቷ ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት ተነቅሳለች። «እኔን ያዳነኝ ይኸ ነው፤ አንቺም ተነቀሺ» አለችኝ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የምወስድ ልጅ እንዴት እነቀሳለሁ ብዬ አለቀስሁ። ስለዚህ ብቻዬን ወደ ክሊኒክ ሄድሁ።

ክሊኒክ ስል ብዙ ነው። በመጀመሪያው አፍሬ ሻርፔን ስላላወለቅሁ ድካሜን ብቻ ሰምተው ደም ማነስ ነው አሉና የብረት ክኒን ሰጡኝ። በሁለተኛው ታይፎይድ አሉኝ፤ ዐሥር ቀን ሙሉ መድኃኒት ዋጥሁ። በሦስተኛው ጉሮሮዬን ይይዘኛል ስላልሁ ቶንሲል ነው ተብሎ መርፌ ተወጋሁ። ሐኪሞቹን አልወቅስም። የሚያዩት ፊቴን ነው፤ የታመመውን እኔው ሸፍኜዋለሁ። ለዚህ ሁሉ አባቴ አንድ ሙክት ሸጠ፤ ለዓመት በዓል ያሰበው ነበር። ነገሩን ግን አንሥቶት አያውቅም።

በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ኅዳር ላይ ማተቤን ለሦስተኛ ጊዜ ስቀጥል እናቴ አየችኝ። ሻርፑን ገለጠችው። ያን ያህል መተለቁን አላወቀችም ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። መንገዱ ደኅና ነው በተባለ ማግስት ወደ ፍኖተ ሰላም ይዛኝ ሄደች።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያለውን አግዳሚ ወንበር አልረሳውም። ከጠዋት እስከ ቀትር ጠበቅን። ነቀርሳ ይሆናል እያልሁ በልቤ እፈራለሁ፤ ቃሉን ግን ለእናቴ አልነገርኋትም። በኋላ እንደ ነገረችኝ እሷም ያንኑ እያሰበች ነበር። አጠገባችን ከማንኩሳ የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ሲንሸራተት አንገታቸው ታየ፤ እብጠቱ ሁለት ጭብጥ ይሆናል። እኔ ዓይኔን አሸሸሁ። እሳቸው ግን ሻርፔን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣

«ምነው ልጄ፣ በዚህ ሙቀት?» አሉኝ።

ሻርፑን ይበልጥ አጠበቅሁት።

«ኧረ ፈታ አድርጊው፤ አየር ይግባው። እኔ የኔን አርባ ዓመት አጊጬበታለሁ። ሙሽራ ሆኜ ስሄድ ‹ድሪዋ ከየት ነው?› ብለዋል አሉ።»

እናቴ ሳታስበው ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ይኸኛው ሳቅ ግን አላሳፈረኝም። ሻርፑን ፈትቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። ሴትዮዋ ከመሐረባቸው ጭብጥ ቆሎ ሰጡን። ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ተጠሩና ገቡ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። አንገቴን ከኋላዬ ቆሞ በሁለት እጁ ዳሰሰና «ዋጥ አድርጊ» አለኝ። ከዚያ ማተቤን አየው።

«ቋጠሮው ለምን በዛ?»

«ሦስት ጊዜ ቀጥዬው ነው።»

«መቼ መቼ?»

ነገርሁት። ጻፈው። «ጥሩ ሜትር አለሽ፤ አትጣይው» አለ። ቀጥሎ «ቤት ምን ዓይነት ጨው ነው የምትበሉት?» ሲለኝ ቀና አልሁ፤ ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ።

«አዮዲን ያለው የፓኬት ጨው። እንዲያውም በቀበሌያችን ስለ አዮዲን ያስተማርሁት እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ! ታዲያ ፓኬቱ ቤት ከገባ በኋላ ምን ታደርጉታላችሁ?»

እናቴ ቀደመችኝ። «አጥቤ አሰጣዋለሁ እንጂ፣ ጌታዬ! ከነቆሻሻው ለልጆቼ አላበላም።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቁጣ አልነበረበትም። «እናት፣ አዮዲን የሚባለው መድኃኒት የተቀመጠው ጨዉ ላይ እንደ አቧራ ሆኖ ነው። ውኃ ሲያገኘው ይሄዳል፤ የቀረውን ደግሞ ፀሐይ ይወስደዋል። ጨዉን አስቀርተው መድኃኒቱን ነው የሚደፉት» አላት። የአንገቴ ዕጢ ያን መድኃኒት ስታጣ፣ ያለችውን ጥቂት ለመያዝ ስትታገል እንደምትተልቅ፣ ድካሙም ብርዱም እንቅልፉም ከዚያ እንደሚመጣ አስረዳን። ከእሱ ሌላ ምክንያት እንዳለ ለማየት ደሜ ወደ ባሕር ዳር ይላካል አለ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ማስተዋል፣ እማሆይ ሲጠይቁሽ ይታጠባል አላልሽም?»

«አላስታውስም» አልሁ።

ዋሸሁ። ሐኪሙ ፊት፣ እናቴን።

ቡሬ ስመለስ የድሮ የባዮሎጂ ደብተሬን ፈልጌ ወረቀቱን አገኘሁት። ጀርባውን ገለበጥሁ። ገበቴው ላይ የመስቀለኛ ምልክት ተሠርቶበታል፤ ከሥሩ «አይታጠብ» ይላል። ፀሐዩ ላይም እንዲሁ፣ «አይሰጣ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ»። ከድስቱ ሥር «ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር» ይላል። ሦስት መስመር ናት። እማሆይ የጠየቁኝ መልስ በእጄ ነበር። ጀርባውን አንብቤው ቢሆን ኖሮ!

ውጤቱ ሲመጣ ሆስፒታል የሄድሁት ብቻዬን ነው። ሐኪሙ ሌላ መጥፎ ነገር እንደሌለብኝ ነገረኝ። ዕጢዋ የምትሠራውን የሚተካ ክኒን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ በውኃ እንድውጥ፣ በየጊዜውም እየመጣሁ እንድታይ አዘዘኝ። ልወጣ ስል፣ «በቤታችሁ ነፍሰ ጡር አለች?» አለኝ።

«የወንድሜ ሚስት አለች። አራተኛ ወሯ ነው።»

«እሷ ከሁላችሁም ቀድማ ትስማ። ያንቺ አንገት ይመለሳል። የፅንስ አእምሮ ግን የሚሠራው አሁን ነው፤ በኋላ እንጨምርለት ቢሉ አይሆንም።»

የወንድሜ የምንይችል ሚስት እንጉዳይ ትባላለች። ቤታቸው ከእኛ ማሳ ማዶ ነው። ያን ቅዳሜ እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን እናቴ ፊቷ ጠቁሮ ጠበቀችኝ። ቤታችን ያለውን ጨው ለውጣለች፤ አዲሱን ሳታጥብ በክዳን ጣሳ አስቀምጣዋለች። «ነገሩ ግን ከዚህ ቤት አይውጣ፤ ‹በእሷ ጨው ልጇ ታመመች› ብለው መሳቂያ ያደርጉኛል» አለች። እኔም ይህን ቃል ሽፋን አደረግሁት። እውነቱን ለመናገር የእናቴ ሳይሆን የእኔ እፍረት ነው የያዘኝ። ለእንጉዳይ ስነግራት «አንቺ አይደለሽ እንዴ ይታጠባል ያልሽው?» ትለኛለች፤ ከዚያ ወረቀቱ ይመጣል።

ጊዜው የነቢያት ጾም ነበር። ክኒኑን በጠዋት በውኃ መዋጥ ጾም የገደፍሁ መስሎ ተሰማኝ፤ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ «መድኃኒት ምግብ አይደለም፤ ዋጪ። ሌላ የከበደሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» አሉ። ካቀረቀርሁበት ቀና አላልሁም። «የለም» አልሁ።

ለጥምቀት ቤት ስገባ እንጉዳይ ደጇ ላይ ጎንበስ ብላ የጨው ውኃ ስትደፋ አየኋት። ሆዷ ገፍቷል። ሰፌዱ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ጨዉ ያብለጨልጫል። ቆምሁ። «እግርሽን አያብጥሽም?» አልኋት። «ደኅና ነኝ፤ አንቺ እንዴት ነሽ?» አለች። «ደኅና» ብዬ አለፍሁ። የገበቴውን ውኃ መሬቱ ሲጠጣው አይቻለሁ፤ ምን እየፈሰሰ እንደ ሆነም አውቅ ነበር።

በጥር መጨረሻ ከገበያ አብረን ስንመለስ አረፍ እንበል አለችኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እጄን ይዛ ወደ አንገቷ ወሰደችው።

«እስቲ ዳስሺው። እንዳንቺ ላወጣ ነው መሰለኝ። ምንይችል ‹ማስተዋል አጋባችብሽ› ይለኛል» ብላ ሳቀች።

እጄ ሥር ያለው ለስላሳ እብጠት ትንሽ ነው። እኔ ግን አወቅሁት። እጄን ሳላነሣ ሁሉንም ነገርኋት፤ ዋርካው ሥር የሰጠሁትን መልስ፣ ወረቀቱን፣ ሐኪሙ ስለ ፅንሱ ያለውን። ከኅዳር ጀምሮ እንደማውቅም ነገርኋት። እሷ እጄን ከአንገቷ አወረደችው።

«ከኅዳር ጀምሮ?» አለች።

«አዎ።»

«ስደፋው አየሽኝ አይደል? በጥምቀት? ቆመሽ አየሽኝ።»

«አየሁሽ።»

«ሆዴን እያየሽ ‹እግርሽን አያብጥሽም› አልሽኝ።» ሸክሟን አነሣች። እሸከምልሻለሁ ብል አልሰጠችኝም። ቤቷ እስክንደርስ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። በማግስቱ ምንይችል ቡሬ ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ክትትልም ጀመረች። ጨዉን ያን ቀን ማታውኑ ለወጠችው። እኔን ግን ለሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። እንድታናግረኝም አልለመንኋት።

ለእንጉዳይ ከተናገርሁ በኋላ ለሌላው መደበቅ አልተቻለኝም። ለሕዝቡ ልናገር እንደ ሆነ ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ ተቆጣች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ሥዕሎቹን ግን አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ተረዳቻቸው። «ይህን እኔ እንኳ አነበብሁት» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ገበቴዋን አጥባ «ይዘሽው ሂጂ፤ ያሳያል» አለችኝ።

የካቲት ላይ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዋርካው ሥር ቆምሁ። የጤና ኤክስቴንሽኗም ነበረች፤ ለእሷ ቀድሜ ነግሬያት ነበር። ወረቀት አልያዝሁም። ሻርፕም አላደረግሁም።

«ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ቆሜ ጨው ይታጠባል ብያችሁ ነበር» አልሁ። «ተሳስቻለሁ። አይታጠብም።»

«ምነው ያኔ ንጽሕና ይቀድማል አላልሽም?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ብያለሁ። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። ወረቀቱ ላይ ተጽፎልኝ ነበር፤ አላነበብሁትም። አንገቴን እዩት።»

ገበቴው ላይ ጨው ጨምሬ ውኃ አፈሰስሁበት፤ ውኃውን መሬት ላይ ደፋሁት። «የታመምሁት ይህ ሲደፋ ነው» አልሁ። ከዚያ ሦስቱን ነገሮች ነገርኋቸው፤ አይታጠብ፣ ፀሐይ አያግኘው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ቆሻሻ ካለው በእጅ ይለቀም። አበቃሁ። ይኸኛው ንግግሬ የያኔውን ሩብ አያህልም።

ማንም አላጨበጨበም። እማሆይ አጸደ በምርኩዛቸው ተነሡ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ። «ያኔ የጠየቅሁሽ እኮ ለምን መሰለሽ? ማጠቡ ወገቤን ገድሎኝ፣ ‹ተዉት› ትለኛለች ብዬ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ በከንቱ አለፋሽኝ!»

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ። ሳቁ ሲበርድ አንዲት ሴት፣ «በርበሬ ውስጥስ የምንጨምረው ጨው? ከበርበሬው ጋር ይሰጣ የለም?» ብላ ጠየቀች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባቴም።

«እሱን አላውቅም» አልሁ። «ጠይቄ በሚቀጥለው እሑድ እነግራችኋለሁ።»

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ።

ጠየቅሁ፤ በሚቀጥለው እሑድም ነገርኋቸው። በርበሬው ውስጥ ያለው ጨው ብዙ ፀሐይ ስለሚያገኘው በእሱ አይታመኑ፤ ለበርበሬው የሚገባውን ቀንሰው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ከክዳኑ ዕቃ ጥቂት ይጨምሩበት፤ አዮዲን አለው ብለው ግን ጨው አያብዙ፤ እሱም ሌላ በሽታ ያመጣል።

የእኔ ሕመም ቀስ ብሎ ነው የሄደው። መጀመሪያ ብርዱ ተወኝ። ቀጥሎ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነቅቼ መቀመጤን ራሴ ታዘብሁ። በፋሲካ ሰሞን ሦስተኛውን ቋጠሮ ፈታሁ፤ ከሳምንታት በኋላ ሁለተኛውን። የመጀመሪያው እስከ አሁን አለ። ሐኪሙ ጊዜ ስጪው ብሎኛል።

እንጉዳይ ሚያዝያ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ሲያለቅስ ድምፁ ማሳውን ተሻግሮ ይሰማል። ጤና ጣቢያ ደኅና ነው ብለዋታል። እኔ ግን ሳየው ሁልጊዜ ዓይኖቹ ብርሃን ሲከተሉ አስተውላለሁ፤ ጣቴን ሲይዝ የመያዙን ጥንካሬ እለካለሁ። ያን ዝም ያልሁበትን ሁለት ወር ማንም ሊመዝንልኝ አይችልም። እንጉዳይ ይህን ታውቃለች። አንድ ቀን ሳስተውለው አይታኝ፣ «በቃሽ፤ ይልቅ ያዢልኝ» ብላ ልጁን አሳቀፈችኝ።

ክርስትናው በአርባ ቀኑ፣ ግንቦት 12 ቀን ሆነ፤ ድግሱ በእኛ ቤት። ካህናቱ ተቀመጡ፣ ሥጋ ቀረበ። ጨው ማቅረብ የእናቴ ነው፤ እኔ ከጓዳ በር ቆሜ አየኋት። በነጭ ጨው የታወቀችው ሴት፣ ያልታጠበውን፣ ፈዘዝ ያለውን ጨው በክዳን ጣሳ ይዛ ወጣች። ጣሳውን ከንስሐ አባታችን ፊት አስቀምጣ ክዳኑን ከፈተች። እሳቸው ጨዉን አዩ፣ ከዚያ ቀና ብለው እሷን አዩ።

«ምነው፣ ዛሬ ጨውሽ እንደ ወትሮው አልነጣም?» አሉ።

እናቴ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አላጠብሁትም አባ» አለች፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ልጄ አይታጠብም ብላለች።»

አባ ከጨዉ በጣታቸው አነሡና ሥጋቸው ላይ ነሰነሱት። እናቴም ጣሳውን ከደነችው።